የተጠላ ዳኛና የተከበረ ወንበር፦ የዳኛ ሳሙኤል ቼዝ የሥራ ዘመንና ክስ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ዳኝነት ነጻነት በምንነጋገርበት ጊዜ በምሳሌነት የምናነሣው ዳኛ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በባለሥልጣን ፊት የማይፈራ፣ በድኃ ፊት የማይኮራ፣ ትዕግሥቱ የማያልቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ዳኛ ከወንበሩ እንዳይነቀል መከራከር አያስቸግርም፤ ሰሚው ሁሉ ይስማማበታልና። ነገሩ የሚከብደው ዳኛው ቁጡ፣ ምላሱ ስለታም፣ ወገንተኛነቱም በገሃድ የታወቀ በሆነ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ወንበሩን ከተቀማጩ ለይቶ ማየት የሚችል ዓይን ያስፈልጋል። ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት የዚህ ዓይነቱን ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው ከአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ፈራሚዎች አንዱ የነበሩት፣ በኋላም በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሳሙኤል ቼዝ ናቸው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላስታውስ።

ሳሙኤል ቼዝ በ1741 ዓ.ም. በሜሪላንድ ተወለዱ። አባታቸው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ፤ ልጃቸውንም በቤታቸው ራሳቸው አስተማሩ። ወጣቱ ቼዝ ወደ አናፖሊስ ከተማ ሄደው በጠበቃ ቢሮ ሕግ ካጠኑ በኋላ በ1761 በጥብቅና ሥራ ተሠማሩ። በ1764 የሜሪላንድ ምክር ቤት አባል ሆኑና እዚያው ሃያ ዓመት ያህል ቆዩ። ቁመታቸው ረጅም፣ ሰውነታቸው ግዙፍ፣ ፊታቸውም ቀይ ስለ ነበረ ባልደረቦቻቸው መልካቸውን ከአሳማ ሥጋ ጥብስ ጋር እያመሳሰሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1765 የቴምብር ቀረጥ በቅኝ ግዛቶቹ ላይ በጣለ ጊዜ ቼዝ ሕዝቡን ለተቃውሞ ካነሣሡት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆኑ። የአናፖሊስ ከንቲባና የከተማው ሹማምንት ሁከት ቀስቃሽና የአመፀኛ መሪ ብለው በጽሑፍ አወገዟቸው። እሳቸውም ውግዘቱን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ሽልማት ቈጥረው መልሳቸውን በጽሑፍ ሰጡ። በ1774 ወደ አህጉራዊው ጉባኤ ተላኩ፤ በ1776 የጸደይ ወራት ከቤንጃሚን ፍራንክሊንና ከቻርልስ ካሮል ጋር ካናዳን ከአመፁ ወገን ለማሰለፍ ተጕዘው ሳይሳካላቸው ተመለሱ። ወዲያውም የሜሪላንድ ሹማምንት ለነጻነት ድምፅ እንዲሰጡ ሕዝቡን በማንቀሳቀስ ደከሙ፤ በነጻነት አዋጁም ላይ ስማቸውን አኖሩ።

ይሁንና ታሪካቸው ንጹሕ ብቻ አይደለም። በ1778 ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች ብዙ ዱቄት እንደሚገዛ በጉባኤው አባልነታቸው ያወቁትን ምሥጢር ለንግድ ጥቅም አውለዋል ተብለው ተወቀሱ። አሌክሳንደር ሐሚልተን በብዕር ስም በጋዜጣ ላይ ክፉኛ ተቿቸው፤ ሜሪላንድም ለጊዜው ከጉባኤው ወኪልነት አወረደቻቸው። በልዩ ልዩ የንግድ ሥራም ገንዘባቸውን አፍስሰው ከሰሩ፤ በ1789 ዕዳቸውን መክፈል እንደማይችሉ እስከ መግለጽ ደረሱ። በ1788 የባልቲሞር የወንጀል ችሎት ዳኛ፣ በ1791 ደግሞ የሜሪላንድ ጠቅላላ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆኑ። ሁለቱን ሹመት በአንድነት ይዘው በመቆየታቸው የግዛቲቱ ምክር ቤት ሊያወርዳቸው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1788 ለሜሪላንድ ጉባኤ ሲቀርብ ቼዝ ከተቃወሙት 11 ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ 63ቱ ደግፈውት ጸደቀ። የተቃወሙት ሕገ መንግሥት ባቋቋመው ፍርድ ቤት ላይ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በጥር 1796 ሾሟቸው። በዚያን ጊዜ ከአዲሱ መንግሥት ጽኑ ደጋፊዎች፣ ማለት ከፌዴራሊስቶቹ ወገን ሆነው ነበር። የሐሳባቸው መለወጥ ፍጹም ነበር፤ የጠባያቸው ግለት ግን እንደ ነበረ ቀረ።

የሕግ ዕውቀታቸው የሚናቅ እንዳልነበረ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰጧቸው ፍርዶች ይመሰክራሉ። በ1796 በታየው የዌርና የሂልተን ክርክር፣ እንግሊዛውያን አበዳሪዎች ከአብዮቱ በፊት ያበደሩትን ገንዘብ ለማስመለስ መብት አላቸው ወይ የሚል ጥያቄ ቀረበ። ቨርጂኒያ ዕዳው ለግዛቲቱ ግምጃ ቤት ሲከፈል እንዲሰረዝ በሕግ ፈቅዳ ነበር፤ የ1783 የሰላም ውል ግን አበዳሪዎች እንዳይከለከሉ ይደነግጋል። ለተበዳሪዎቹ ከቆሙት ጠበቆች አንዱ በኋላ ስመ ጥር የሆኑት ጆን ማርሻል ነበሩ። የአብዮቱ ቀስቃሽ የነበሩት ቼዝ አገራቸው የፈረመችው ውል ከግዛት ሕግ በላይ መሆኑን ሰፊ ሐተታ ጽፈው ለትናንት ጠላቶቻቸው ፈረዱ። በ1798 ደግሞ በካልደርና በቡል ክርክር፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ሕግ እንዳይወጣ ሕገ መንግሥቱ የጣለው ክልከላ የወንጀል ሕግን የሚመለከት መሆኑን አብራርተው፣ ክልከላው የሚሸፍናቸውን አራት ዓይነት ሕጎች ዘረዘሩ። ያ ዝርዝር ሁለት መቶ ዓመት አልፎ፣ በ2000 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካርመልና በቴክሳስ ጉዳይ ሲፈርድ መሠረት ሆኖ አገልግሏል። የተማረ አእምሮ ከጎደለው ጠባይ ጋር በአንድ ሰው ላይ ሊገናኝ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያሻም።

አሁን ወደ መከራው ዘመን ልለፍ። በ1798 ምክር ቤቱ መንግሥትን በሐሰትና በክፋት የሚያጠቃ ጽሑፍ ያሳተመ ሁሉ በእስራትና በመቀጮ እንዲቀጣ የሚያዝ ሕግ አወጣ። በተግባር የተከሰሱት የፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ተቃዋሚዎች፣ ማለት የቶማስ ጄፈርሰን ደጋፊዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በየአውራጃው እየዞሩ በመጀመሪያ ደረጃ ይፈርዱ ስለ ነበረ፣ ሕጉን በተከሳሾች ላይ የማዋል ተግባር ከእጃቸው ደረሰ።

በሚያዝያ 1800 ቼዝ በፊላዴልፊያ ተሰየሙ። በዚያ የቶማስ ኩፐርን ጉዳይ አይተው ስድስት ወር እስራትና 400 ዶላር መቀጮ ፈረዱበት። በዚያው ወቅት የጆን ፍሪስ ጉዳይ ቀረበ። ፍሪስ በፔንሲልቬኒያ በቤት ግብር ላይ የተነሣውን ተቃውሞ መርቶ፣ በ1799 በቤተልሔም ከተማ የታሰሩ ሰዎችን በመሣሪያ ኃይል በማስፈታቱ በአገር ክህደት የተከሰሰ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ከጁሪው አባላት አንዱ አስቀድሞ ጥላቻውን መግለጡ ስለ ታወቀ ክሱ እንደ ገና እንዲሰማ ታዘዘ። ቼዝ በዚህ ሁለተኛ ችሎት ላይ ጠበቆቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ የአገር ክህደት በሕግ ምን ማለት እንደ ሆነ ያላቸውን አስተያየት በጽሑፍ አዘጋጅተው አደሉ።

እኛ በአገራችን «ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» እንላለን። በፍሪስ ችሎት ግን ዳኛው ከተከራካሪው ቀድመው ተናገሩ። ጠበቆቹ ዊልያም ሉዊስና አሌክሳንደር ዳላስ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ተፈርዷል ብለው ከጥብቅናው ወጡ። ቼዝ ስሕተታቸውን ተረድተው ጽሑፉን አስመለሱ፤ እንደ ፈለጋችሁ ተከራከሩ ብለውም ጠበቆቹን ለመኗቸው። ጠበቆቹ እንቢ አሉ። እምቢታቸው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ደንበኛቸው ያለ ጠበቃ ቢፈረድበት ፕሬዚዳንቱ ምሕረት ለማድረግ ይቀላቸዋል የሚል ስልትም ነበረበት። ፍሪስ በስቅላት እንዲቀጣ ተፈረደበት፤ ፕሬዚዳንት አዳምስም በግንቦት ምሕረት አደረጉለት። ስልቱ ሠመረ፤ ነገር ግን ዳኛው የጠበቆቹን ክርክር ሳይሰሙ በሕጉ ላይ ሐሳባቸውን መወሰናቸው ከመዝገብ አልተፋቀም።

በግንቦት መጨረሻ ቼዝ ወደ ቨርጂኒያ ዋና ከተማ ወደ ሪችመንድ አመሩ። በዚያ የተከሰሰው ፕሬዚዳንት አዳምስን የሚዘልፍ መጽሐፍ ያሳተመው ጸሐፊ ጄምስ ካለንደር ነበር። ስለ መጽሐፉ አስቀድሞ የተቈጣ አስተያየት እንደ ነበረው የተናገረ ሰው በጁሪው ውስጥ እንዲቀመጥ ፈቀዱ። የመከላከያው ዋና ምስክር የነበሩትን ጆን ቴይለርን ጥያቄዎቹ አስቀድመው በጽሑፍ ይቅረቡልኝ ካሉ በኋላ ምስክርነታቸው የክሱን አንድ ክፍል በሙሉ አያስተባብልም ብለው ሳይሰሙ አሰናበቷቸው። ወጣት ጠበቆቹን፣ በተለይም ዊልያም ዊርትን፣ በችሎት ፊት በፌዝ ያቋርጧቸው ነበር። ጠበቆቹ ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ፤ ካለንደርም ዘጠኝ ወር እስራትና 200 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት።

በዚያው ዓመት በነሐሴ፣ ቼዝ በሜሪላንድ ለአዳምስ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ስለ ነበሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ሥራውን መቀጠል አልቻለም። ዳኛ ወንበሩን ባዶ ትቶ ለአንድ ወገን ድምፅ ሲለምን መታየቱ ምን ማለት እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ምርጫውን ጄፈርሰን አሸነፉ። አዲሱ የምክር ቤት አብላጫ ወገን በ1802 ፌዴራሊስቶቹ በመጨረሻ ሰዓት የፈጠሯቸውን 16 የአውራጃ ዳኝነት ሥልጣኖች በሕግ ሻረ። በግንቦት 1803 ቼዝ በባልቲሞር ለግራንድ ጁሪ፣ ማለት ክስ መመሥረት ይገባ እንደ ሆነ ለሚመረምረው የሕዝብ ጉባኤ፣ እንደ ልማዱ መመሪያ ሲሰጡ የዳኞቹን መሻር አወገዙ። ሜሪላንድ የመምረጥን መብት ንብረት ለሌላቸው ሰዎች ማስፋቷንም ነቅፈው፣ ሪፐብሊኩ ወደ ሕገወጥ የብዙኃን አገዛዝ ይወርዳል ሲሉ ተናገሩ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው ንግግሩ በጋዜጣ ታትሞ ከፕሬዚዳንቱ ዘንድ ደረሰ። ጄፈርሰን ለሜሪላንዱ የምክር ቤት አባል ለጆሴፍ ኒኮልሰን ጽፈው፣ ይህ ነገር ሳይቀጣ ማለፍ ይገባዋልን ሲሉ ጠየቁ፤ እሳቸው ራሳቸው ግን በጉዳዩ ጣልቃ ባይገቡ እንደሚሻል አከሉ።

የተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 12 ቀን 1804 በ73 ድምፅ ለ32 ቼዝ በሴኔት ፊት እንዲከሰሱ ወሰነ። በዚያው ቀን ሴኔት በስካርና በአእምሮ መታወክ ችሎታቸውን ያጡትን የኒው ሃምፕሽየር ዳኛ ጆን ፒከሪንግን ከሥልጣን አወረደ። መንገዱ ተጠርጎ ነበር። በጆን ራንዶልፍ መሪነት የተዘጋጁት ስምንት የክስ አንቀጾች የፍሪስን ችሎት፣ የካለንደርን ችሎት፣ በዴላዌር ግራንድ ጁሪውን አላሰናብትም ማለታቸውንና የባልቲሞሩን ንግግር የሚመለከቱ ነበሩ።

ወገኖቼ፣ የጉዳዩ ክብደት ከአንድ ሰው ሹመት እጅግ የበለጠ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ዳኞች መልካም ጠባይ እስካላቸው ድረስ በሹመታቸው እንዲኖሩ ይደነግጋል። ሹማምንት የሚወርዱበትም ምክንያት የአገር ክህደት፣ ጉቦ ወይም ሌላ ከባድ ወንጀልና ጥፋት እንደ ሆነ ይገልጻል። የቨርጂኒያው ሴናተር ዊልያም ጃይልስ ግን ምክር ቤቱ አንድን ዳኛ ማውረዱ በወንጀለኛነት መፍረድ ሳይሆን፣ አደገኛ ሐሳብ ስላለህ ወንበሩን ለሚሻል ሰው ልቀቅ ማለት ነው የሚል አቋም ነበራቸው። ይህ ሐሳብ ቢረታ ኖሮ ምርጫ በተለወጠ ቁጥር ዳኛ መለወጡ አይቀርም ነበር። በ1803 ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተጋጨ ተፈጻሚ አይሆንም ብለው የፈረዱት ዋና ዳኛ ማርሻልም ቀጥሎ ተረኛ እሆናለሁ ብለው ሠግተው ነበር። ሥጋታቸው እስከ ምን እንደ ደረሰ የሚያሳይ ነገር አለ። ዳኛን ስለ ሐሳቡ ከማውረድ ይልቅ ምክር ቤቱ የማይስማማባቸውን ፍርዶች በይግባኝ መልክ መሻር ቢችል እንደሚሻል ለቼዝ በደብዳቤ ጽፈው ነበር።

ክሱ በየካቲት 1805 በሴኔት ተሰማ። ችሎቱን የመሩት ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሮን በር ነበሩ፤ እሳቸውም ባለፈው ሐምሌ ሐሚልተንን በፍልሚያ ገድለው በሁለት ግዛቶች ክስ የተመሠረተባቸው ሰው ነበሩ። ሆኖም ችሎቱን በሥርዓትና በእኩልነት እንደ መሩት ይነገርላቸዋል። ለቼዝ የቆሙት ጠበቆች ሉተር ማርቲን፣ ሮበርት ጉድሎ ሐርፐር፣ ጆሴፍ ሆፕኪንሰን፣ ቻርልስ ሊና ፊሊፕ ባርተን ኪ ነበሩ። ወጣቱ ሆፕኪንሰን ዳኛ ሊወርድ የሚችለው በሕግ በሚያስከስስ ጥፋት ብቻ ነው ሲሉ ተከራከሩ። የሕግ ሰው ያልነበሩት ራንዶልፍ በስሜት ተናገሩ እንጂ ነጥቡን ከሕግ ጋር ለማያያዝ አልቻሉም።

ከ34ቱ ሴናተሮች 25ቱ የጄፈርሰን ወገን፣ ዘጠኙ ብቻ ፌዴራሊስቶች ነበሩ። ለማውረድ የሁለት ሦስተኛ፣ ማለት 23 ድምፅ ይበቃ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1805 ድምፅ ሲሰጥ፣ የኮኔቲከቱ ሴናተር ዩራያ ትሬሲ ታመው ሳለ ወደ ምክር ቤቱ መጡ። በባልቲሞሩ ንግግር ላይ በተመሠረተው ስምንተኛ አንቀጽ 19 ሰዎች ጥፋተኛ ናቸው፣ 15 ሰዎች ጥፋተኛ አይደሉም አሉ፤ ከፍተኛውም ድምፅ ይኸው ነበር። በፍሪስ ጉዳይ 16 ለ18 ሆነ። በአምስተኛው አንቀጽ አንድም ሴናተር ጥፋተኛ አላላቸውም። በስምንተኛው አንቀጽ ከ15ቱ ዘጠኙ የቼዝ ወገን ቢሆኑ፣ ቀሪዎቹ ስድስት በፖለቲካ ተቃዋሚዎቻቸው ነበሩ።

የዚህ ታሪክ ጀግኖች ማን ናቸው ቢባል እኔ የምመልሰው እነዚህን ስድስት ሰዎች ጠቅሼ ነው። ቼዝን ይወዱ ነበር ማለት አይቻልም፤ በሪችመንድ የሠሩትንም አመስግነው አይደለም። ፓርቲያቸው እየፈለገ፣ የሚያወርድ ድምፅ በእጃቸው እያለ፣ ጠባየ ክፉነትና ወንጀል አንድ አይደሉም ብለው መወሰናቸው ነው። በዚያው ቀን ራንዶልፍ ዳኞች በሁለቱ ምክር ቤቶች ጥያቄ ብቻ እንዲወርዱ፣ ኒኮልሰንም ሴናተሮች በላካቸው ግዛት እንዲጠሩ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሁለቱም አልተሳካላቸውም። ጄፈርሰንም በኋላ ዘመን በጻፉት ደብዳቤ ይህ ዓይነቱ ክስ የማሳ ማስፈራሪያን ያህል እንኳ አያገለግልም ብለው አማረሩ።

ቼዝ እስከ ሞቱበት እስከ ሰኔ 1811 በወንበራቸው ቆዩ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንደ ባልቲሞሩ ያለ የፖለቲካ ስብከት ከእሳቸው አልተሰማም፤ ዳኞች ለግራንድ ጁሪ መመሪያ በሚሰጡበት ጊዜ መንግሥትን የመንቀፍም ሆነ የማወደስ ልማድ እየጠፋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በተወካዮች ምክር ቤት ተከስሶ ሴኔት ፊት የቆመ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የለም። በአሜሪካ ታሪክ በዚህ መንገድ ከሥልጣን የወረዱት የፌዴራል ዳኞች ስምንት ብቻ ሲሆኑ፣ ከፒከሪንግ በኋላ የወረዱት እንደ ጉቦ፣ ግብር መደበቅና የሐሰት ምስክርነት ባለ ጥፋት እንጂ በፍርዳቸው ይዘት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ለሙያችን የሚሆኑ ሦስት ነጥቦች አሉ።

አንደኛው፣ የቼዝ ነጻ መውጣት የሥራቸው ምስጋና አይደለም። ከግማሽ የሚበልጡት ሴናተሮች በሦስት አንቀጾች ላይ ጥፋተኛ ብለዋቸዋል። የተረፈው ወንበሩ ነው፤ ተቀማጩ ግን ተግሣጽ ተቀብሎበታል። ነጻነት ለዳኛው የተሰጠ ግላዊ ሀብት ሳይሆን ለተከራካሪው የተጠበቀ አደራ መሆኑን የረሳ ዳኛ፣ ነጻነቱን በገዛ እጁ ለጠላት ያቀብላል።

ሁለተኛው፣ የፍርድ ስሕተት የሚታረምበት በር ሲዘጋ ቁጣው ወደ ዳኛው ሰውነት ይዞራል። በቼዝ ዘመን በፌዴራል ፍርድ ቤት በወንጀል የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚልበት ጠቅላላ መብት አልነበረውም። ሞት ለተፈረደባቸው በ1889፣ ለሌሎች ከባድ ወንጀሎችም በ1891 እስከ ተፈቀደ ድረስ እንዲህ ሆኖ ቆየ። የቴይለር ምስክርነት አለመሰማቱ በይግባኝ ሊመረመር ቢችል ኖሮ፣ የክስ አንቀጽ ከመሆን ይልቅ የፍርድ ሐተታ በሆነ ነበር። እንግዲህ የይግባኝ ሥርዓት የተከራካሪው መብት ብቻ ሳይሆን የዳኛውም ጋሻ ነው።

ሦስተኛው የጠበቆች ድርሻ ነው። በፊላዴልፊያና በሪችመንድ ወረቀታቸውን አጥፈው የወጡት ጠበቆች ቁጣቸው ምክንያት ነበረው፤ ደንበኞቻቸው ግን ያለ ተከራካሪ ቀሩ። በሴኔት ፊት የቆሙት ጠበቆች ደግሞ ብዙ ሰው የጠላውን ሰው ጉዳይ ይዘው እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። ሁለቱን ሳነጻጽር ከችሎት መውጣት አንዳንድ ጊዜ ስልት ሊሆን ቢችልም፣ የሙያችን ግዴታ በዋናው መቆየትና መከራከር ይመስለኛል። ዳኛው ባያዳምጥ እንኳ መዝገቡ ያዳምጣል፤ የፍሪስና የካለንደር ችሎቶች ከአምስት ዓመት በኋላ ቃል በቃል የተመረመሩትም በመዝገብ ስለ ቆዩ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ደግ ዳኛን መከላከል ለሁላችንም ይቀለናል። ሙያችን የሚፈተነው የማንወደው ዳኛ ሲከሰስና የኛው ወገን ዳኛ ሲያጠፋ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ወንበሩን ለመጠበቅ፣ በሁለተኛው ጊዜ ተቀማጩን ለመገሠጽ የሚበቃ ድፍረት ያስፈልገናል። ስድስቱ ሴናተሮች የመጀመሪያውን ፈጸሙት። ሁለተኛው ግን ከ1798 እስከ 1803 የሚፈጽመው ሰው አጣ፤ ከፌዴራሊስቶቹ ወገን ቼዝን በወቅቱ «ይብቃዎ» ያላቸው ወዳጅ ቢኖር ኖሮ፣ ክሱም ባልተነሣ ነበር።